ካኪ የማይሰፋው ልብስ ሰፊ

በጦርነት፣ በእስርና በስደት የቆሰለ አእምሮ በልብ ወለድ ውስጥ በእውነት እንዴት ይጻፋል?

ቦታው ዋሽንግተን ዲሲ፣ ሎጋን ሰርክል ነው። በአንዲት ትንሽ የሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ ውስጥ ሦስት አፍሪካውያን ተሰብስበዋል፤ ባለሱቁ ሴፋ እስጢፋኖስ ከኢትዮጵያ፣ ኬኔት ከኬንያ፣ ጆሴፍ ከኮንጎ። ግድግዳው ላይ የአፍሪካ ካርታ ተለጥፏል። አንዱ የአንድ አምባገነን ስም ይጠራል፤ የቀሩት አገሩንና መፈንቅለ መንግሥቱ የተካሄደበትን ዓመት ይናገራሉ። ቦካሳ ይላል አንዱ፤ መልሱ ይመጣል። ሌላ ስም ይጠራል፤ መልሱ ይመጣል። ይጠጣሉ፣ ይከራከራሉ፣ ይሳሳቃሉ። ጨዋታው መጀመሪያ አንባቢን ያስቃል። ገጾቹ እየተገለጡ ሲሄዱ ግን እነዚህ ሰዎች ሕይወታቸውን ያፈረሰውን ነገር ከዚህ በቀር የሚያነሡበት መንገድ እንደሌላቸው ይገባዋል።

ሱቁ የሚገኘው ዲናው መንግሥቱ እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተመው የመጀመሪያ ልብ ወለዱ፣ «ዘ ቢዩቲፉል ቲንግስ ዛት ሄቨን ቤርስ» ውስጥ ነው። ሴፋ ከአገሩ የወጣው በአብዮቱ ዘመን ወታደሮች አባቱን ከቤት ከወሰዱ በኋላ ነው። ቤቱ ውስጥ የተገኙት ወረቀቶች የልጁ ነበሩ፤ የተወሰደው አባት ነው። ዲናው ይህን ልጅ አያስጮኸውም። ከ17 ዓመት በኋላ ሱቁን አንዳንድ ቀን የሚከፍት፣ አንዳንድ ቀን የሚዘጋ፣ ጎረቤቱ ጁዲት ስትቀርበው ልቡ ተከፍቶ መልሶ የሚሸሽ ሰው አድርጎ ያቀርበዋል። የሕመም ስም የሚሰጠው የለም። ቁስሉን የምናየው በሱቁ አከፋፈት፣ በጨዋታው፣ በሚያልፉት ዕድሎች ላይ ነው።

የዚህ ጽሑፍ እምነት እዚያች ሱቅ ውስጥ አለ። ትራውማ ያመጣውን የአእምሮ ሕመም በእውነት መጻፍ የሚፈልግ ደራሲ ዓይኑን አደጋው ከደረሰበት ቀን ላይ ያንሣና ከዚያ በኋላ በመጡት ተራ ቀኖች ላይ ያሳርፍ። ሕመሙ የሚኖረው እነሱ ውስጥ ነው።

የተለመደው ምስል

እብድ በድርሰታችንና በመድረካችን የቆየ ቦታ አለው። ሌላው የማይደፍረውን እውነት እንዲናገር ይፈቀድለታል። በረከት በላይነህ ጽፎት ግሩም ዘነበ ብቻውን የተጫወተው «እያዩ ፈንገስ» ይህን ልማድ በትልቅ ችሎታ ተጠቅሞበታል። እንዲህ ያለው ገጸ ባሕርይ የሕዝብ አንደበት ስለሆነ የሚመዘነው በሚናገረው ነው። ደራሲው የታመመ ሰው ሊጽፍ ሲነሣ ግን ሚዛኑ ሌላ ይሆናል፤ የሚመዘነው ያ ሰው እንዴት እንደሚኖር ባሳየበት መጠን ነው።

በዚህ ሚዛን ላይ ደጋግመው የሚቀሉ ሦስት ዓይነት ትዕይንቶች አሉ። የመጀመሪያው ከጦር ሜዳ የተመለሰው ሰው ርችት ሲተኮስ መሬት ላይ የሚወድቅበት ነው። ሁለተኛው የተደፈረችው ልጅ ለጥቂት ምዕራፎች ዝም ብላ ቆይታ የሚወዳት ወንድ ሲመጣ የምትድንበት ነው። ሦስተኛው የታሰረውና የተገረፈው ሰው ድንገት ተነሥቶ ሰው የሚገድልበት ነው። ርችቱ እውነት አለው፤ በበዓል ዋዜማ በርችት የሚሰቃዩ ሰዎች አሉ። ግን ትዕይንቱ ሰውየውን በዚያች ደቂቃ ብቻ ያሳየንና ይተወዋል። ሁለተኛው ፍቅርን መድኃኒት ያደርጋል፤ ያልዳነችው አንባቢ በቂ ስላልተወደደች ይሆን ብላ እንድታስብ ይተዋታል። ሦስተኛው ከሁሉ የከፋ ነው። እንዲህ ያለ ሕመም ካለባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ማንንም አይጎዱም። ገዳይ አድርጎ ያቀረባቸው ድርሰት ግን ጎረቤት ልጁን ከእነሱ እንዲያርቅ፣ ቀጣሪም በሩን እንዲዘጋባቸው ምክንያት ይሆናል።

ስም ከማግኘቱ በፊት

ልብ ወለድ ይህን ሕመም ከሕክምና ቀድሞ ያወቀበት ጊዜ አለ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከምሽግ የሚመለሱ ወታደሮች ሲንቀጠቀጡ፣ አንደበታቸው ሲዘጋ፣ ሌሊት ሲባንኑ ቻርልስ ማየርስ የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1915 «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት ስለ መድፍ ድንጋጤ ጻፈ። ብዙዎች ሕመሙን ከፍርሃትና ከድክመት ቆጠሩት። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ዛሬ ፒቲኤስዲ (ከአሰቃቂ ገጠመኝ በኋላ የሚመጣ የጭንቀት ሕመም) የምንለውን በምርመራ መመሪያው ውስጥ ያሰፈረው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው፤ ለዚያም ከቬትናም የተመለሱ ወታደሮችና ሐኪሞቻቸው ብዙ መታገል ነበረባቸው።

ቨርጂንያ ዉልፍ «ሚስስ ዳሎዌይ»ን ያሳተመችው ከዚያ 55 ዓመት ቀደም ብላ፣ እ.ኤ.አ. በ1925 ነው። እሷ ራሷ ከአእምሮ ሕመምና ከሐኪሞች ጋር ብዙ ዘመን ኖራለች። ሴፕቲመስ የተባለው ገጸ ባሕርይዋ ጦርነቱ ሊያበቃ ሲል ወዳጁና አለቃው ኤቫንስ ይገደልበታል። ሴፕቲመስ አላለቀሰም፤ ብዙ ስላልተሰማው እንዲያውም ራሱን አመሰገነ። የመደንዘዙ ትርጉም የገባው ቆይቶ ነው፤ ምንም ነገር ሊሰማው እንዳልቻለ ሲያውቅ ደነገጠ። ለንደን ከተመለሰ በኋላ የሞተውን ኤቫንስን በመናፈሻው ዛፎች መካከል ያየዋል። ዶክተር ሆምስ ደግሞ ምንም የለብህም ይለዋል።

ዉልፍ ከምንም በላይ የሚያስተምር አንድ ትዕይንት ጽፋለች። ሴፕቲመስ ከመሞቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ባርኔጣ ሠሪዋ ሚስቱ ሬዚያ ቤት ውስጥ ለአንዲት ደንበኛ ባርኔጣ ትሠራለች። እሱ ጥብጣቡንና አበባውን እየመረጠ ያቀናጅላታል፤ ይሳሳቃሉ። ለዚያች ሰዓት ባል ነው፣ ቀልደኛ ነው፣ እጁ ያምራል። የታመመ ሰው በቀኑ ሰዓታት ሁሉ እኩል አይታመምም። ደህናዋን ሰዓት የማይጽፍ ደራሲ ሰውየውን ከሕመሙ ለይቶ አያውቀውም ማለት ነው፤ አንባቢም የጠፋውን ነገር ዋጋ አያውቅም።

ታደለ የሚባል ሰው

አሁን አንድ ገጸ ባሕርይ እንፍጠር። ስሙ ታደለ ይሁን፣ ዕድሜው 38፣ በአንድ ጠባብ መንገድ ዳር የልብስ ስፌት ሱቅ ያለው። ወታደር ነበረ። ሚስቱ ብርቄ ትባላለች፤ የሰባት ዓመት ልጅ አላቸው። ይህን ሰው በጦር ሜዳ ትዝታ እንዳንጀምረው እንወስን። የምንጽፈው አንድ ተራ ማክሰኞ ነው።

ሕክምናው የሚሰጠን አራት የምልክት ዘርፎች ጽሑፉን ለማደራጀት ይጠቅማሉ፤ ምልክቶቹ ከአንድ ወር በላይ ቆይተው ኑሮን ሲያውኩ ነው ሕመም የሚባሉት። የመጀመሪያው ያለፈው ነገር ሳይጠራ መምጣቱ ነው፤ በቅዠት፣ በድንገተኛ ትዝታ፣ በሰውነት ምላሽ። ታደለ ልብስ በካውያ እየተኮሰ ነው። ስልክ ይደወልለትና ካውያው ጨርቁ ላይ ትንሽ ይቆያል፤ የተቃጠለ ጨርቅ ሽታ ይነሣል። እጁ በላብ ይርሳል፣ አፉ ይደርቃል፣ ስልኩ ላይ ያለው ሰው የሚለው አይሰማውም። ምን እንዳስታወሰ አንጽፍም፤ ምናልባት እሱም በምስል አላየው ይሆናል። ሰውነቱ አስታውሷል። እባብ ያየ በልጥ በረየ የሚለው ተረት ይህን ጠንቅቆ ያውቀዋል። ደራሲው ተረቱ ላይ መጨመር ያለበት ልጡ ለእያንዳንዱ ሰው የተለየ መሆኑን ነው። ተኩስን ሁሉም ሰው ይገምታል። የካውያ ሽታን የሚያገኘው ግን ገጸ ባሕርዩን የሚያውቅ ደራሲ ብቻ ነው።

ሁለተኛው መሸሽ ነው። በልብ ወለዶቻችን ውስጥ በብዛት የሚዘለለው፣ በእውነተኛው ሕይወት ግን ብዙውን ቦታ የሚይዘው ይኸ ነው። አንድ ሽማግሌ የትምህርት ቤት ጥበቃ ካኪ ጨርቅ ይዘው ወደ ታደለ ሱቅ ይገባሉ።

«ልጄ፣ እንደ ድሮው ሱሪና ኮት አድርገህ ስፋልኝ።»

«አባባ፣ ለዚህ የሚሆን ክር አልቆብኛል። ከመንገዱ ማዶ ያለው ልጅ ጋ ይሞክሩ፤ እሱ ቶሎ ያደርስልዎታል።»

ሽማግሌው ከታደለ ጀርባ የተደረደረውን ክር አዩ። ካኪው ቀለም መሀል ላይ አለ።

«እሺ፣» አሉ፤ ጨርቁን አጥፈው ብብታቸው ውስጥ አስገቡ።

ታደለ ገንዘብ ያስፈልገዋል፤ የቤት ኪራይ ደርሷል። ትዕይንቱ የሚጸናው በዚህ ነው። መሸሽ ዋጋ ያስከፍላል፤ ደራሲውም ዋጋውን በብር፣ በወዳጅነት፣ በጠፋ የሥራ ዕድል ሊያሳይ ይችላል። ርችቱንም ቢሆን በዚህ በኩል ብናየው ሌላ ይሆናል። ታደለ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ሁልጊዜ አንድ ሰበብ ያገኛል፤ ወይ ገጠር ዘመድ ታሟል፣ ወይ ጨርቅ ሊያመጣ መሄድ አለበት። ብርቄ ስድስት ዓመት ሙሉ የበዓሉን ዋዜማ ከልጇ ጋር ብቻዋን ታድራለች። አንባቢ አንድም ርችት ሳይሰማ ሁሉ ይገባዋል።

ሦስተኛው በሐሳብና በስሜት ላይ የሚደርሰው ለውጥ ነው፤ ራስን መውቀስ፣ ሰውን ሁሉ አለማመን፣ ደስታ አለመሰማት፣ ከሚወዱት ሰው መራቅ። የታደለ ልጅ ከክፍሏ አንደኛ ወጥታ ካርዷን ታሳየዋለች። «ጎበዝ» ይላታል፤ ራሷንም ይዳብሳታል። መደሰት እንዳለበት ያውቃል፤ ደስታው ግን አይመጣም። ከዚያ አለመምጣቱ ያሳፍረዋል። ይህ እፍረት ለብርቄ ንቀት ይመስላታል። እዚህ ላይ ሁለቱም እውነት አላቸው፤ ጥሩ ልብ ወለድ ለሁለቱም ይፈርዳል።

አራተኛው ዘወትር በተጠንቀቅ መቆም ነው። ታደለ የስፌት መኪናውን ያስቀመጠው ጀርባው ግድግዳ፣ ፊቱ በር እንዲሆን ነው፤ ብርሃኑ ከኋላ ቢመጣ ለሥራው ይሻል ነበር። ሌሊት ወንበር ላይ ያሸልባል። ልጁ ከኋላው መጥታ «አባዬ» ብላ ስትነካው ይበረግጋል፤ አንድ ቀን እጇን ጨብጦ አሳምሟታል። ከዚያ ወዲህ ልጅቷ ከሩቅ ጠርታው ነው የምትቀርበው። ሰባት ዓመቷ ነው፣ ማንም አላስተማራትም። የአባቷን ሕመም አካሄዷ ውስጥ ተምራዋለች።

እነዚህን ዘርፎች አንድ በአንድ እየቆጠሩ ገጸ ባሕርዩ ላይ መለጠፍ ግን ሌላ ዓይነት ሐሰት ነው። ታደለ በጣም የሚያምር ሱሪ ይሰፋል። በዕቁቡ ዳኛ ተደርጎ ተመርጧል፤ የሰው ገንዘብ አይነካም። እግር ኳስ ሲነሣ አፉ አይዘጋም። እነዚህ ነገሮች ከሕመሙ በፊት የነበረውና ዛሬም ያለው ሰው ናቸው።

ሁሉም አይታመምም

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ ካሉ ሰዎች 70 በመቶ ያህሉ በሕይወት ዘመናቸው ቢያንስ አንድ አሰቃቂ ነገር ይደርስባቸዋል፤ ከእነዚህ ውስጥ ፒቲኤስዲ የሚይዛቸው 5.6 በመቶ ያህሉ ናቸው። ወሲባዊ ጥቃት ሲሆንና ጦርነት ባለበት ቁጥሩ በጣም ከፍ ይላል። ለደራሲ ይህ ትልቅ ትምህርት ነው። ከአንድ ጉድጓድ የወጡ ሦስት ወታደሮች ሦስት ዓይነት ሕይወት ይኖራሉ፤ አንዱ ይታመማል፣ አንዱ ያዝንና ይጽናናል፣ አንዱ ከዓመታት በኋላ በሌላ ኀዘን ሰበብ ይወድቃል። ሐዘን ሁሉ ሕመም አይደለም። የሚታመመውም የደከመው ነው ማለት አይቻልም፤ የደረሰው ነገር ዓይነትና ብዛት፣ ከዚያ በፊት የነበረው ኑሮ፣ ከዚያ በኋላ የተቀበለው ሰው መኖር አለመኖሩ ይወስናሉ።

ጉዳቱ አንድ ቀን ብቻ ያልሆነባቸው ሰዎችም አሉ፤ በልጅነታቸው ቤት ውስጥ የተደበደቡ፣ ለዓመታት የታሰሩ፣ ፓስፖርታቸው ተወስዶባቸው በሰው ቤት የተዘጋባቸው የዓረብ አገር ተመላሾች። እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው 11ኛው ዓለም አቀፍ የበሽታዎች ምደባ ለእንዲህ ያለው ውስብስብ ፒቲኤስዲ ራሱን የቻለ ቦታ ሰጥቶታል። ሌሎቹ ምልክቶች እንዳሉ ሆነው፣ ስሜትን መግዛት ያቅታል፣ ራስን ዋጋ ቢስ አድርጎ ማየት ይጸናል፣ ሰውን ቀርቦ መቆየት ይከብዳል። ከቤይሩት ወይም ከሪያድ ተመልሳ እናቷ ቤት የገባች ገጸ ባሕርይ የምትጽፍ ደራሲ ልጅቷ «ይቅርታ» የምትልባቸውን ጊዜያት ትቁጠር። ብርጭቆ ሳይሰበር፣ ማንም ሳይቆጣት ይቅርታ የምትል ልጅ ብዙ ትናገራለች።

ጊዜው የሚሰበርበት

ጤናማ ትዝታ መጀመሪያ፣ መካከልና መጨረሻ አለው። የትራውማ ትዝታ ግን አብዛኛውን ጊዜ የተቆራረጠ ነው፤ ሽታ፣ ድምፅ፣ የአንድ ሰው ጫማ፣ ቀጥሎ ባዶ። ሲመጣም ትናንት እንደሆነ ነገር አይመጣም፣ አሁን እየሆነ ይመስላል። ይህ ለደራሲ የአተራረክ ጥያቄ ነው። ኩርት ቮንገት እ.ኤ.አ. በየካቲት 1945 ድሬስደን በቦምብ ስትጋይ በዚያች ከተማ የጦር ምርኮኛ ነበረ፤ «ስሎተርሃውስ ፋይቭ» የወጣው በ1969 ነው። የመጽሐፉ ቢሊ ፒልግሪም በጊዜ ውስጥ ይዘላል፤ ከእርጅናው ወደ ምርኮው፣ ከምርኮው ወደ ሠርጉ። የታሪኩ አካሄድ ራሱ ሕመሙን ያሳያል።

የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ»ም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ ፌስቲቫል የዳኞች ልዩ ሽልማት ያገኘው ይህ ፊልም ከጀርመን ወደ ትውልድ መንደሩ የተመለሰውን አንበርብርን ይከተላል። እግሩ ተቆርጧል፤ እንዴት እንደተቆረጠ አያስታውስም። ቅዠት አያስተኛውም። የጀርመኑ ዘመን፣ የአዲስ አበባው ዘመንና የልጅነቱ ዘመን ተራ ሳይጠብቁ ይመጣሉ። ተመልካቹ ከአንበርብር ቀድሞ አያውቅም፤ ከእሱ ጋር ቁርጥራጩን ይለቅማል። መንደሩም ራሱ ቆስሏል፤ ወጣቶች ከአፈሳ ለማምለጥ ዋሻ ውስጥ ተደብቀዋል። አንድ ሰው ብቻ የታመመበት አገር አይደለም የምናየው።

ከሕክምናው በኩል አንድ ነገር ለደራሲያን በጣም ይቀርባል። በጀርመን ኮንስታንስ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ያዳበሩት፣ በኡጋንዳ የስደተኞች ጣቢያ ከሱዳናውያን ጋር የተሠራበት ናሬቲቭ ኤክስፖዠር ቴራፒ የሚባል ሕክምና አለ። ታካሚው መሬት ላይ ገመድ ይዘረጋል፤ ገመዱ ከልደቱ ጀምሮ ያለው ዕድሜው ነው። ለመልካሙ ቀን አበባ፣ ለክፉው ቀን ድንጋይ ያስቀምጣል። ከዚያ ሕይወቱን በቅደም ተከተል ይናገራል፤ ድንጋዩ ጋ ሲደርስ ቀስ ብሎ ያየውን፣ የሰማውን፣ የተሰማውን ሁሉ ያወራል። ሐኪሙ ይጽፋል፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ ያነብለታል፣ መጨረሻ ላይ ጽሑፉን ይሰጠዋል። የሚፈለገው የተቆራረጠው ነገር ጊዜና ቦታ እንዲያገኝ ነው፤ «ያኔ፣ እዚያ» እንዲሆን። ገጸ ባሕርይ ሲያገግም መጻፍ የሚፈልግ ደራሲ ከዚህ መነሣት ይችላል። ታደለ ታሪኩን አንድ ምሽት አልቅሶ ተናግሮ አይድንም። አንድ ድንጋይ ጋ ይደርሳል፣ ይመለሳል፣ ቀጠሮ ያፈርሳል፣ ደግሞ ይመጣል። ከወራት በኋላ የተቃጠለ ጨርቅ ሲሸተው አሁንም ይደነግጥ ይሆናል፤ ግን የቆመው ሱቁ ውስጥ መሆኑን ያውቃል።

ቤቱና መንደሩ

ታደለ «ትራውማ አለብኝ» አይልም። ራሱን እንደሚያመው፣ ልቡ እንደሚመታበት፣ ሆዱን እንደሚያቃጥለው ይናገራል። ጤና ጣቢያ ሄዶ የጨጓራ መድኃኒት ይዞ ይመለሳል። የብርቄ እናት ጠበል ውሰጂው ይሏታል። ጎረቤት ዓይነ ጥላ ነው ይላል። ወንድሙ ደግሞ «ወንድ አይደለህም እንዴ? እርሳው» ይለዋል። እያንዳንዱ ምክር ሰጪውንም ይገልጻል። እናትየው ልጃቸውንና አማቻቸውን ይወዳሉ፤ ጠበሉም ቦታ ታደለ ከእሱ የባሱ ሰዎችን ያያል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን እንዳልሆነ ይሰማዋል። ደራሲው ጠበሉን ተአምር ወይም ጠላት ማድረግ አይጠበቅበትም። ብዙ ቤተሰብ አንድ ሰሞን ጠበል፣ አንድ ሰሞን አማኑኤል ሆስፒታል ይሄዳል፤ አንዳንዱ ሁለቱንም በአንድ ሳምንት። እውነተኛው ድራማ ያለው በመንገዱ ላይ ነው፤ ማን አብሮ ይሄዳል፣ የታክሲውን ማን ይከፍላል፣ ለዕድርተኛው ምን ይባላል።

ሆድ ይፍጀው ብሎ ማደግም የገጸ ባሕርዩ አካል ነው። ዝምታው ሕመም ብቻ አይደለም፤ ጨዋነትም፣ ለቤተሰብ ክብር መጨነቅም፣ በቀይ ሽብር ዘመን ደግሞ ነፍስን ማትረፊያም ነበር። ሕይወት ተፈራ «ታወር ኢን ዘ ስካይ» በተባለው ትዝታዋ ስለ ኢሕአፓና ስለ እስር ዓመታቷ የጻፈችው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው፤ ከሦስት ዐሥርት ዓመታት በኋላ። እንዲህ ያሉ መጻሕፍት ለልብ ወለድ ጸሐፊ ከሕክምና መማሪያ እኩል ያስፈልጋሉ፤ ሰዎች ምን እንደደረሰባቸው ብቻ ሳይሆን ለመናገር ስንት ዓመት እንደሚፈጅባቸውም ያሳያሉ።

ሰው ፊት ቀርቦ የሚጠይቅ ደራሲም ጥንቃቄ አለበት። «ያ ቀን ምን ሆነ?» ብሎ መጀመር የተዘጋ ቁስል መክፈት ነው፤ ለድርሰቱም ብዙ አይጠቅመው። ዛሬ እንቅልፍህ እንዴት ነው፣ በዓል ሲመጣ ምን ታደርጋለህ፣ ስትደክም ማን ያውቅልሃል ብሎ የሚጠይቅ ሰው ተናጋሪውን ሳይጎዳ የሚፈልገውን ያገኛል። ተናጋሪው በማንኛውም ሰዓት እንዲያቆም መብት ይስጠው፤ ታሪኩንም ጎረቤት በሚያውቀው መልክ አይጻፍበት። የጥቃቱን ትዕይንት በዝርዝር መጻፍ የግድ ካልሆነ አጭር ይሁን። ራስን ማጥፋት ከመጣ እንደ ዕረፍት ወይም እንደ ጀግንነት አይቅረብ፤ መንገዱም አይዘርዘር።

በ2013 ዓ.ም. የተጀመረው የሰሜኑ ጦርነት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት ተቋጨ፤ በሌሎች አካባቢዎች ግን ጥይቱ አልቆመም። ስለ እነዚህ ዓመታት ልብ ወለዶች ይጻፋሉ፤ አንዳንዶቹም ተጽፈዋል። ስለ ጦሩ፣ ስለ መሪዎቹ፣ ስለ ድሉና ሽንፈቱ የሚጽፍ አይጠፋም። የሚያሠጋኝ የታደለና የብርቄ ማክሰኞ ሳይጻፍ መቅረቱ ነው። በየወረዳው የአእምሮ ሐኪም በሌለበት አገር ብዙ ሰው ስለ ሕመሙ መጀመሪያ የሚሰማው ከሬዲዮ ትረካ፣ ከድራማና ከመጽሐፍ ነው። እዚያ ያገኘው ገዳይ ወይም ጨርቁን የጣለ ሰው ከሆነ «እኔስ ይህን አይደለሁም» ብሎ ዝም ይላል። ክር እያለው ክር የለኝም የሚል፣ ልጁ ከሩቅ የምትጠራው፣ እግር ኳስ የሚወድ ሰው ቢያገኝ ግን ራሱን ያውቃል፤ ሚስቱም ንቀት የመሰላት ነገር ምን እንደነበረ ታውቃለች። ሐኪም ጋ ለመሄድ የመጀመሪያው እርምጃ ይኸው ማወቅ ነው። ደራሲያን ይህን መስጠት ይችላሉ፤ ስለዚህም ይጠየቁበታል።